በረዶ ቀድሞ ይጥል ይሆን? ዕድሉን ደረጃ በደረጃ የመገመቻ መንገድ

አማርኛ ከነጎድጓድ ጋር የሚወርደውን ጠጠርም፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ የረጋውን ውሃም፣ እንደ ላባ እየተንሳፈፈ የሚወርደውን ነጭ ብናኝም «በረዶ» ይላቸዋል። እዚህ በረዶ ስል ሦስተኛውን ማለቴ ነው። «ክረምት» የሚለውን ቃልም ሆን ብዬ ትቼዋለሁ፤ ለብዙዎቻችን ክረምት ማለት ዝናብ ስለሆነ «የብርድ ወቅት» እላለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ብርዱ ሊገባ ሲል፣ ቅጠሉ ገና ከዛፍ ሳይረግፍ፣ የአየር ሁኔታን የሚከታተል ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ይይዘዋል፦ ዘንድሮ በረዶው ቀድሞ ይመጣ ይሆን? ክርክሩ ብዙ ጊዜ ሁለት ጎራ ይለያል። አንዱ ከ10 ቀን በኋላ የሚሆነውን የሚያሳይ ሰማያዊ ካርታ ይዞ «ይጥላል» ይላል፤ ሌላው «በዚህ ወር ጥሎ አያውቅም» ብሎ ነገሩን ይዘጋል። እኔ በሁለቱም ጎራ ቆሜ ተከራክሬያለሁ። ለዓመታት ማስታወሻ ከያዝኩ በኋላ ግን የገባኝ ነገር ቢኖር ቀድሞ የሚመጣ በረዶ የአንድ ዲግሪ ጉዳይ መሆኑ ነው። በብርዱ ወቅት መሃል ትንበያው 3 ዲግሪ ቢሳሳትም በረዶው በረዶ ሆኖ ይወርዳል። በወቅቱ መግቢያ ላይ ግን የግማሽ ዲግሪ ስሕተት በረዶውን ዝናብ ያደርገዋል። ስለዚህ ጥያቄው መመለስ ያለበት በ«አዎ» ወይም በ«የለም» ሳይሆን በመቶኛ ነው። መቶኛው ደግሞ ከሩቁ ተጀምሮ ወደ ቅርቡ እየተጣራ ይመጣል።

የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው፦ ደብተር፣ ከቤት ውጭ ጥላ ውስጥ የሚሰቀል ቴርሞሜትር (እርጥበትም የሚለካ ቢሆን ይመረጣል)፣ የትንበያ ካርታዎችን የምታዩበት ስልክ ወይም ኮምፒውተር፣ ማስመሪያ፣ አንድ ነጭ ቀለም የተቀባ ጣውላ። ጣውላው የመጨረሻው ደረጃ ላይ ያስፈልጋል።

1. ከመዝገብ ጀምሩ

በአቅራቢያችሁ ያለ የሚቲዎሮሎጂ ጣቢያ የዕለት መዝገብ ፈልጉ። በዓለም ሚቲዎሮሎጂ ድርጅት ደንብ መሠረት የአየር ንብረት አማካይ የሚወጣው በ30 ዓመት ልኬት ነው፤ አሁን በሥራ ላይ ያለው ከ1991 እስከ 2020 ያለው ነው። እናንተ ግን አማካዩን ትታችሁ ዓመታቱን ቁጠሩ። ለምሳሌ ከነዚያ 30 ዓመታት ውስጥ እስከ ኖቬምበር 20 ድረስ ቢያንስ 1 ሴንቲሜትር በረዶ መሬት ላይ የተለካባቸው ስንት ናቸው? 6 ከሆኑ መነሻችሁ 20 በመቶ ነው። ይህን ቁጥር ከየትኛውም ካርታ በፊት ደብተራችሁ ላይ አስፍሩት።

ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል። ምክንያቱም ትዝታ ያለን ይመስለናል። ትዝታ ግን በልጅነታችን አንድ ጊዜ ቀድሞ የጣለውን ትልቅ በረዶ ይይዝና ምንም ሳይጥልባቸው ያለፉትን ሃያ ዓመታት ይጥላል። ቆጠራው ይህን ያርማል።

አንድ ማስተካከያ አለ። ጣቢያው የሚገኝበትን ከፍታ ከእናንተው ከፍታ ጋር አስተያዩ። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ በ1,000 ሜትር 6.5 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል፤ እናንተ ከጣቢያው 300 ሜትር ከፍ ብላችሁ የምትኖሩ ከሆነ 2 ዲግሪ ያህል ልዩነት አላችሁ ማለት ነው። የአንድ ዲግሪ ጉዳይ ላይ ይህ ትልቅ ልዩነት ነውና መነሻውን ከፍ ማድረግ ትችላላችሁ።

2. ቀዝቃዛው አየር የሚመጣበት መንገድ ክፍት ነው?

ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በፊት በረዶን ማየት አይቻልም። የሚታየው ቀዝቃዛ አየር ከዋልታው ወደ እናንተ ለመውረድ መንገድ አለው ወይስ የለውም የሚለው ነው። ከፍ ብሎ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚጋልበው የነፋስ ወንዝ፣ ጄት ስትሪም የሚባለው፣ ቀጥ ብሎ በፈጠነ ጊዜ ብርዱን ሰሜን ላይ አጥሮ ይይዘዋል። ሲጠማዘዝ ደግሞ አንዱ ክንድ ሞቃት አየር ወደ ሰሜን ሲያወጣ ሌላው ብርዱን ወደ ደቡብ ያወርዳል። የአርክቲክ ኦሲሌሽንና የሰሜን አትላንቲክ ኦሲሌሽን የሚባሉት ሁለት መለኪያዎች ይህንኑ በቁጥር የሚያሳዩ ናቸው። ከዜሮ በታች ሲወርዱ የብርዱ አጥር ላልቷል ማለት ነው።

ለዚህ ጥሩው ምሳሌ 2010 ነው። በዚያ ዓመት ኖቬምበር መጨረሻ ግሪንላንድ አካባቢ የተቀመጠ ከፍተኛ ግፊት የተለመደውን የምዕራብ ነፋስ መንገድ ዘጋ። ብርዱ ከሰሜንና ከምሥራቅ ወደ ብሪታንያ ወረደ፤ በረዶው ከተለመደው ቀድሞ ጣለ፤ የተከተለው ዲሴምበርም በዚያች አገር ከመቶ ዓመት ወዲህ እጅግ ቀዝቃዛው ሆኖ ተመዘገበ። ስለዚህ ካርታ ስታዩ ዓይናችሁ የራሳችሁን ሰፈር ብቻ አይፈልግ፤ መንገድ የሚዘጋው ከፍተኛ ግፊት የት እንደተቀመጠ ፈልጉ።

ሌሎች ምልክቶችም ይነሳሉ፦ ኤል ኒኞና ላ ኒና፣ በኦክቶበር ሳይቤሪያን የሚሸፍነው በረዶ ስፋት፣ ከምድር ከ10 ኪሎሜትር በላይ በስትራቶስፌር የሚሽከረከረው የዋልታ አዙሪት። ሦስቱም እውነተኛ ሳይንስ አላቸው። ለአንድ ሳምንት፣ ለአንድ ሰፈር፣ ለመጀመሪያው በረዶ ግን የሚሰጡት መረጃ ትንሽ ነው። የዋልታው አዙሪት በድንገተኛ ሙቀት ሲሰበር ብርዱ ከአንድ እስከ ጥቂት ሳምንት ዘግይቶ ወደ ታች ሊደርስ ይችላል። በፌብሩዋሪ 2018 አጋማሽ ተሰብሮ በወሩ መጨረሻ አውሮፓን ያንቀጠቀጠው ብርድ እንዲሁ ነበር። ዳሩ ግን እንዲህ ያለው ስብራት የሚበዛው ከዲሴምበር በኋላ ስለሆነ በወቅቱ መግቢያ ላይ ብዙ አትጠብቁት።

በዚህ ደረጃ መነሻችሁን በመጠኑ ብቻ አንቀሳቅሱ። 20 በመቶ ከነበረ፣ መንገዱ ክፍት ሲመስል 30 ማድረግ ተገቢ ነው፤ 70 ማድረግ ግን ምኞት ነው።

3. አንዱን ካርታ ተዉና ስብስቡን ቁጠሩ

በ1961 ኤድዋርድ ሎሬንዝ የተባለው የአየር ሁኔታ ተመራማሪ ኮምፒውተሩ ላይ አንድ ስሌት ሊደግም ፈልጎ 0.506127 የሚለውን ቁጥር አሳጥሮ 0.506 ብሎ አስገባ። ሁለቱ ስሌቶች መጀመሪያ እኩል ሄዱ፤ ቀስ በቀስ ተራራቁ፤ በመጨረሻም ፈጽሞ የማይመሳሰሉ ሆኑ። ከ10 ቀን በኋላ በረዶ ይጥላል የሚል አንድ ነጠላ ካርታ ባየሁ ቁጥር ይህ ታሪክ ትዝ ይለኛል። የዛሬውን አየር በትክክል የሚለካ መሣሪያ የለም፤ የጎደለው ሽርፍራፊ ደግሞ ቀን በጨመረ ቁጥር ያድጋል።

መፍትሔው ያው ስሌት መነሻውን በጥቂቱ እየለዋወጡ ብዙ ጊዜ ማስኬድ ነው። ይህ የትንበያ ስብስብ ይባላል፤ እያንዳንዱ ስሌት የስብስቡ አባል ነው። ዋና መሥሪያ ቤቱ በእንግሊዟ ሬዲንግ ከተማ የሆነው የአውሮፓ የመካከለኛ ጊዜ ትንበያ ማዕከል 51 አባላት ያሉት ስብስብ እስከ 15 ቀን ድረስ ያወጣል። የአሜሪካው ጂኤፍኤስ ሞዴል (ሞዴል የምለው አየሩን በኮምፒውተር የሚያሰላውን ፕሮግራም ነው) ደግሞ በዓለም አቀፉ ሰዓት በ00፣ በ06፣ በ12 እና በ18 በቀን አራት ጊዜ ይወጣል፤ 16 ቀን ይደርሳል፤ የራሱም 31 አባላት ያሉት ስብስብ አለው። ሁለቱንም በነፃ ማየት ይቻላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የምትፈልጉትን ቀን ምረጡና ከ51 አባላት ውስጥ በረዶ የሚያሳዩትን ቁጠሩ። 18 ከሆኑ 35 በመቶ ነው። የሌላውንም ማዕከል እንዲሁ ቁጠሩ። ሁለቱ ከተቀራረቡ በቁጥሩ ላይ ያላችሁን እምነት ጨምሩ፤ ከተራራቁ መካከሉን ያዙና ቆዩ። አንድ ዙር ሁሉንም ነገር ቢገለብጠው አትደንግጡ፤ ሦስትና አራት ተከታታይ ዙሮች ወዴት እንደሚያዘነብሉ ማየት ይሻላል።

ርቀቱ የምትናገሩትን ይወስናል። ከ10 ቀን በላይ ከሆነ «ብርድ ሊመጣ ይችላል» ከማለት አትለፉ። ከ5 እስከ 9 ቀን ባለው ጊዜ በረዶን በመቶኛ ማንሳት ይቻላል። 3 ቀን ሲቀር ብቻ ነው ስለ ሰዓቱ፣ ስለ ከፍታውና ስለ ጥልቀቱ መነጋገር የሚገባው። አንድ ዓመት በ9ኛው ቀን ካርታ ተማምኜ ለዘመድ ወዳጅ ሁሉ «ዓርብ ተዘጋጁ» ብዬ ነበር። ዓርብ ዕለት ቀኑን ሙሉ በ4 ዲግሪ ዘነበ። የዚያን ዙር ስብስብ ቆይቼ ሳየው ከአምስት አባላት አንዱ ብቻ ነበር በረዶ የሚያሳየው፤ እኔ ያየሁት እሱን ብቻ ነበር።

በሞዴል የሚወጡ የበረዶ ጥልቀት ካርታዎችን በተለይ በወቅቱ መግቢያ ላይ ተጠንቀቁ። ብዙዎቹ 1 ሚሊሜትር ውሃ 1 ሴንቲሜትር በረዶ ይሆናል ብለው ያባዛሉ፤ እየወረደ የሚቀልጠውንም ከዝናብ ጋር የተቀላቀለውንም መሬት ላይ እንደተጋገረ ይቆጥሩታል። ካርታው 12 ሴንቲሜትር ቢልና መሬት ላይ 3 ብታገኙ አትገረሙ።

4. የአየሩን ዓምድ ከላይ እስከ ታች እዩት

በረዶ የሚወለደው ከእኛ ኪሎሜትሮች ከፍ ብሎ ነው፤ እኛ ጋ የሚደርሰው በመንገዱ ካልቀለጠ ነው። ፈጣኑ መፈተሻ በ850 ሄክቶፓስካል ግፊት ላይ፣ ማለትም ከባሕር ወለል በግምት 1,500 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው ሙቀት ነው። ከባሕር በራቀ አገር ዜሮ ዲግሪ መነሻ ይሆናል። የባሕር አየር በሚነካው አገር ግን ዜሮ አይበቃም፤ ልምድ ያላቸው ተከታታዮች ከዜሮ በታች 5 እና ከዚያም የወረደ ይፈልጋሉ። ከዚህ ጋር የሚነሳው የ540 መስመር ነው። ይህ በ1,000 እና በ500 ሄክቶፓስካል መካከል ያለው የአየር ንብርብር ውፍረት 5,400 ሜትር የሆነበት መስመር ነው። ብርዱ አየር ስለሚሰበሰብ ውፍረቱ ይቀንሳል። ለሻካራ ግምት ይጠቅማል፤ ለአንድ ዲግሪ ጉዳይ ግን ሻካራ ነው።

የተሻለው የአንድ ቦታን ሙቀት ከመሬት እስከ ሰማይ የሚያሳየውን ገበታ ማየት ነው። በዓለም ዙሪያ በቀን ሁለት ጊዜ፣ በዓለም አቀፉ ሰዓት 00 እና 12 አካባቢ፣ መለኪያ የታሰረባቸው ፊኛዎች ይለቀቃሉ፤ ሞዴሎችም ይህንኑ የሚመስል ገበታ ለመጪዎቹ ሰዓታት ያወጣሉ። ገበታውን ስታነቡ ከላይ ወደ ታች ሦስት ነገር ጠይቁ።

መጀመሪያ፣ ደመናው በቂ ቀዝቃዛ ነው? ጃፓናዊው ኡኪቺሮ ናካያ በ1936 በሆካይዶ የመጀመሪያውን ሰው ሠራሽ የበረዶ ቅንጣት ቤተ ሙከራ ውስጥ አሳድጎ የቅንጣቱ ቅርፅ ከሙቀቱና ከእርጥበቱ ጋር እንዴት እንደሚለዋወጥ አሳየን። ስድስት ክንድ ያለው፣ ቅርንጫፍ የሚያወጣው ቅንጣት በብዛት የሚያድገው ከዜሮ በታች ከ12 እስከ 18 ዲግሪ ባለው ንብርብር ነው። ያ ንብርብር ርጥብ ከሆነና አየሩም ወደ ላይ እየተነሣ ከሆነ ትላልቅ ቅንጣቶች ጠብቁ። ደረቅ ከሆነ ግን መሬት ላይ የቱንም ያህል ቢበርድ ካፊያ ብቻ ልታገኙ ትችላላችሁ።

ቀጥሎ፣ መሃል ላይ የሞቀ ንብርብር አለ? ከላይም ከታችም በርዶ መሃሉ ከዜሮ በላይ የሆነበት ጊዜ አለ። እዚያ የቀለጠው ቅንጣት ታች ባለው ብርድ እንደገና ከረጋ እንደ እንክብል እየነጠረ ይወርዳል፤ ካልረጋ ደግሞ ውሃ ሆኖ ወርዶ የነካው ነገር ላይ መስታወት ይሆናል። ይህ የመጨረሻው ለመንገደኛ ከበረዶ ይልቅ አደገኛ ነው፤ ገበታው ላይ ካያችሁት ለምታውቁት ሰው ሁሉ ንገሩ።

በመጨረሻ፣ መሬት አጠገብ ያለው ሞቃት ንብርብር ምን ያህል ወፍራም ነው? ቅንጣቱ ሙሉ በሙሉ እስኪቀልጥ ከዜሮ መስመር በታች 200 እስከ 300 ሜትር ያህል ይወርዳል። ዜሮ ዲግሪ የሚገኘው ከእናንተ 150 ሜትር ከፍ ብሎ ከሆነ ተስፋ አለ። 600 ሜትር ከፍ ብሎ ከሆነ፣ ቀጥሎ የምነግራችሁ ነገር ካልተፈጠረ በቀር፣ የሚወርደው ዝናብ ነው።

5. የጤዛ ነጥብን አትርሱ

ከዚህ መመሪያ አንድ ደረጃ ብቻ የምትወስዱ ቢሆን ይህን ውሰዱ። ሰው ሁሉ ቴርሞሜትሩ ላይ 3 ዲግሪ አይቶ «አይሆንም» ይላል። የሚወስነው ግን የአየሩ ሙቀት ብቻውን አይደለም፤ ድርቀቱም ነው። ደረቅ አየር ውስጥ ዝናብ ወይም በረዶ ሲወርድ ከፊሉ ይተናል፤ አንድ ግራም ውሃ ሲተን 2,500 ጁል ያህል ሙቀት ከአየሩ ይወስዳል። ገላውን ታጥቦ ሳይደርቅ ነፋስ ላይ የቆመ ሰው የሚንቀጠቀጠው በዚሁ ምክንያት ነው። አየሩ እንዲህ እየቀዘቀዘ የሚደርስበት ወለል የእርጥብ ቴርሞሜትር ሙቀት ይባላል። እየወረደ ያለው ቅንጣት የሚሰማው ሙቀት ይህ ነው።

ለመገመት ቀላል መንገድ አለ። ከአየሩ ሙቀት ላይ የጤዛ ነጥቡን፣ ማለትም አየሩ ሲቀዘቅዝ እርጥበቱ ወደ ጠብታ መለወጥ የሚጀምርበትን ሙቀት፣ ቀንሱ፤ ልዩነቱን ለ3 አካፍሉ፤ ውጤቱን ከአየሩ ሙቀት ላይ ቀንሱ። በዜሮ አካባቢ ይህ አጭር ስሌት ከትክክለኛው ብዙም አይርቅም። ሁለት ቀኖችን እናወዳድር። በመጀመሪያው ቀን አየሩ 3 ዲግሪ፣ የጤዛ ነጥቡ ከዜሮ በታች 4 ነው። ልዩነቱ 7፣ ሲሶው 2.3፤ ስለዚህ የእርጥቡ ሙቀት 0.7 ያህል ነው። በሁለተኛው ቀን አየሩ 2 ዲግሪ ብቻ ነው፤ የጤዛ ነጥቡ ግን 1 ነው። ልዩነቱ 1፣ ሲሶው 0.3፤ እርጥቡ 1.7 ይሆናል። ቴርሞሜትሩ ላይ የሞቀው ቀን ለበረዶ የቀረበው ቀን ሆነ ማለት ነው።

ሻካራ መለኪያው እንዲህ ነው፦ እርጥቡ ሙቀት ከ0.5 በታች ከሆነ በአብዛኛው በረዶ፣ በ0.5 እና በ1.5 መካከል ከሆነ ድብልቅ፣ ከ2 በላይ ከሆነ በአብዛኛው ዝናብ። መሣሪያ ከሌላችሁ ሁለት ተመሳሳይ ቴርሞሜትሮች ጥላ ውስጥ ስቀሉ፤ የአንዱን ጫፍ በረጠበ ስስ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልሉና ቁጥሩ መውረዱን እስኪያቆም በካርቶን አራግቡት። የቆመበት ቁጥር የምትፈልጉት ነው። እኔ አሁንም አንዳንዴ እንዲህ አደርጋለሁ፤ ቁጥሩ ዓይኔ እያየ ሲወርድ ነገሩ ከማንኛውም ካርታ ይልቅ ግልጽ ይሆንልኛል።

ሁለተኛው ማቀዝቀዣ መቅለጥ ራሱ ነው። አንድ ግራም በረዶ ሲቀልጥ 334 ጁል ይወስዳል። ከትነቱ ያነሰ ነው፤ ግን የሚወርደው ብዙና ያልተቋረጠ ከሆነ መሬት አጠገብ ያለውን ሞቃት ንብርብር ቀስ በቀስ ወደ ዜሮ ይጎትተዋል። ለዚህ ነው ማለዳ በዝናብ ጀምሮ ከሁለት ሰዓት በኋላ፣ ልክ ሲበረታ፣ በድንገት ወደ በረዶ የሚገለበጠው። ያላየ ሰው ተአምር ይለዋል። ቅድም «ካልተፈጠረ በቀር» ያልኩት ይህንኑ ነው።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ነፋሱ አዲስ ሞቃት አየር የማያመጣ ከሆነ ነው። ትነቱና መቅለጡ ሲያቀዘቅዙ ነፋሱ ከሞቃት ባሕር እየነፈሰ ከሆነ የቀዘቀዘው ሁሉ ይተካል። የጤዛ ነጥቡ ሰዓት በሰዓት እየወረደ ነው ወይስ እየወጣ? መልሱ የነፋሱን ምንነት ይነግራችኋል። እየወጣ ከሆነ ግምታችሁን ቀንሱ።

6. በአቅራቢያችሁ ትልቅ ውሃ ካለ

ሐይቅና ባሕር ከመሬት ዘግይተው ይቀዘቅዛሉ፤ በወቅቱ መግቢያ ገና ያለፈውን የሞቃት ወቅት ሙቀት ይዘዋል። ይህ በሁለት በኩል ይሠራል። ነፋሱ በውሃው ላይ አልፎ በቀጥታ ወደ እናንተ ሲመጣና አየሩ በመጠኑ ብቻ ሲበርድ፣ ውሃው ያሞቀውና በረዶውን ዝናብ ያደርገዋል፤ ባሕር ዳር ዘንቦ ወደ ውስጥ 20 ኪሎሜትር ገባ ብሎ የሚነጣው ለዚህ ነው።

አየሩ በጣም የበረደ ከሆነ ግን ያው ውሃ የበረዶ ፋብሪካ ይሆናል። መለኪያው በውሃው ወለልና በ850 ሄክቶፓስካል መካከል ቢያንስ 13 ዲግሪ ልዩነት መኖሩ ነው። ውሃው 10 ዲግሪ ከሆነ ላይኛው አየር ከዜሮ በታች 3 ወይም ከዚያ በታች መሆን አለበት። ነፋሱ በውሃው ርዝመት በኩል ረጅም መንገድ ከሄደ ደግሞ ደመናው በቀጭን ሰንሰለት ይደረደራል። በኤሪ ሐይቅ ጫፍ ያለችው ቡፋሎ ይህን ደጋግማ ቀምሳዋለች። በኖቬምበር 2014 ከከተማዋ ደቡብ ያሉ ሰፈሮች ከ150 ሴንቲሜትር በላይ ሲወርድባቸው ጥቂት ኪሎሜትር ወደ ሰሜን የነበሩት ያገኙት ጥቂት ሴንቲሜትር ብቻ ነበር። በኖቬምበር 2022ም 2 ሜትር የደረሰበት ቦታ ነበር። እንዲህ ያለ ቦታ የምትኖሩ ከሆነ ዕድሉን የሚወስነው የነፋሱ አቅጣጫ ስለሆነ ትልልቁን ሞዴል ትታችሁ በ2 እና በ3 ኪሎሜትር ጥራት የሚሠሩትን የአጭር ጊዜ ሞዴሎች ተከታተሉ።

7. መጣል ሌላ፣ መጋገር ሌላ

ደብተራችሁ ላይ ሁለት መቶኛ ያስፈልጋል፦ አንድ ለሚወርደው፣ አንድ መሬት ላይ ተጋግሮ ለሚቀረው። በወቅቱ መግቢያ መሬቱ ሞቃት ነው። መጀመሪያ የሚነጣው ሣር፣ የመኪና ጣሪያና የእንጨት አግዳሚ ነው፤ አስፋልት ይዘገያል፤ ከሥሩ አየር የሚያልፍበት ድልድይ ግን ከሌላው መንገድ ቀድሞ ይረጋል። ሌሊት የሚወርደው ከቀትሩ ይልቅ ሳይቀልጥ ይቆያል። ቀን ላይ በስሱ የሚወርድ በረዶ ሲቀልጥ ይውላል፤ በኃይል ሲወርድ ግን ከመቅለጡ ፍጥነት ስለሚበልጥ ሞቃት መሬት ላይም ይጋገራል።

በዜሮ አካባቢ የሚወርደው ከባድና ርጥብ ነው፤ 10 ሚሊሜትር ውሃ ከ5 እስከ 7 ሴንቲሜትር ቢሰጥ ነው። በጠነከረ ብርድ ያው ውሃ 15 ወይም 20 ሴንቲሜትር ይሆናል። ታዲያ «5 ሴንቲሜትር ምን አላት» አትበሉ፤ ርጥቡ በረዶ ቅጠል ባልረገፈ ዛፍ ላይ ሲያርፍ ቅርንጫፉን ይገነጥላል። በኦክቶበር 2006 ቡፋሎ ላይ 57 ሴንቲሜትር የወረደ ጊዜ የከተማዋ ዛፎች ገና ቅጠል ለብሰው ነበር፤ መስመሮቹ ላይ እየወደቁ ከተማዋን ጨለማ አደረጓት። በኦክቶበር 2011 መጨረሻ በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ በጣለው ደግሞ ከ3 ሚሊዮን በላይ ቤቶችና ድርጅቶች መብራት ተቋረጠባቸው። ዛፎቻችሁ ቅጠል ከያዙ ግምታችሁን ስትነግሩ ይህንንም ጨምሩ፤ መኪና ከዛፍ ሥር እንዳይቆም፣ ስልክና ባትሪ እንዲሞላ።

8. ቁጥሩን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ

አሁን ሁሉንም አምጡ። መነሻው 20 በመቶ ነበር፤ የብርዱ መንገድ ስለተከፈተ 30 አደረግነው። ከአውሮፓው ስብስብ 18 ከ51፣ ከአሜሪካው 9 ከ31 በረዶ ያሳያሉ፤ 35 እና 29። ገበታው ላይ መሃል የሞቀ ንብርብር የለም፤ እርጥቡ ሙቀት 0.6 ይሆናል ይላል፤ የሚወርደው ሌሊት ነው፤ ነፋሱም ከየብስ ነው። እነዚህ ስለሚያግዙ የሚወርደውን 40 እላለሁ። ለመጋገሩ ግን መሬቱ ሞቃት ነው፤ የሚጠበቀው ውሃም 4 ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ 15 ይበቃዋል።

አጻጻፉ እንዲህ ይሁን፦ «ከሐሙስ ማታ እስከ ዓርብ ማለዳ በዚህ ቦታ በረዶ የመውረዱ ዕድል 40 በመቶ፤ ሣር ላይ 2 ሴንቲሜትር የመጋገሩ 15 በመቶ።» ቀን፣ ቦታ፣ ልክ። ሦስቱ ከሌሉበት በኋላ «ብዬ ነበር» ለማለት ይመቻል እንጂ ምንም አይፈተንበትም።

ፈተናውን በ1950 ግሌን ብራየር የሚባል ሚቲዎሮሎጂስት አዘጋጅቶልናል። ነገሩ ከሆነ 1፣ ካልሆነ 0 ብላችሁ ከሰጣችሁት ዕድል ጋር ያለውን ልዩነት በራሱ አባዙት። 40 በመቶ ብላችሁ ካልጣለ 0.4 በ0.4፣ ማለትም 0.16 ነው። 90 ብላችሁ ካልጣለ 0.81 ይሆናል። ትንሹ ቁጥር ይሻላል። የወቅቱን ሁሉ ሰብስባችሁ አማካዩን አውጡ፤ ከዚያ ሁልጊዜ 20 በመቶ ብቻ ይል የነበረ ሰው ከሚያገኘው ጋር አስተያዩት። ከእሱ ካልበለጣችሁ ካርታው እያሳሳታችሁ ነው ማለት ነው፤ የመጀመሪያው ዓመቴ ውጤት እንዲያ ነበር።

9. በዕለቱ

6 ሰዓት ሲቀር ሞዴሉን ተዉት። የአየሩን ሙቀትና የጤዛ ነጥቡን በየግማሽ ሰዓቱ ጻፉ፤ ነፋሱ ወደሚመጣበት አቅጣጫ ያሉ ጣቢያዎች ምን እንደሚያሳዩ እዩ። ራዳር ላይ ደማቅ ቀለበት የመሰለ መስመር ብታዩ በረዶው የሚቀልጥበት ከፍታ ሊሆን ይችላል፤ የቀለጠ ቅንጣት ውጪው በውሃ ስለሚሸፈን ራዳሩ ላይ ከመጠኑ በላይ ይደምቃል። ከዚያ በኋላ የመንገድ መብራት በቂ ነው። የዝናብ ጠብታ በብርሃኑ ሥር ቀጥ ብሎ ይወድቃል። መዘግየት፣ መንሳፈፍ ሲጀምር፣ እጅጌያችሁ ላይ ያረፈው ቶሎ ሳይፈስ ሲቆይ፣ ሰዓቱን ጻፉ።

ነጩን ጣውላ ከዛፍና ከግድግዳ ራቅ አድርጋችሁ ቀድማችሁ አስቀምጡት፤ ነጭነቱ የብርሃኑን ሙቀት እንዳይስብ ነው። ማስመሪያውን በቀጥታ አቁማችሁ ሦስትና አራት ቦታ ለኩና አማካዩን ያዙ። በየ6 ሰዓቱ፣ ወይም መውረዱ እንዳቆመ፣ ሳይቀልጥ ለኩ። ከለካችሁ በኋላ ጣውላውን ጠርጋችሁ በአዲሱ በረዶ አናት ላይ መልሱት፤ ቁጥሩን ሐሙስ ከጻፋችሁት 40 እና 15 ጎን አስፍሩና ግቡ።